ያኔ የታሰበው «ወደፊት» ዛሬ ነው፦ ከጎንደር መሠረተ ትምህርት እስከ ኡልፓን

በ1984 መጨረሻ በሙሴ ዘመቻ ከሱዳን ሲገባ የ25 ዓመት ወጣት የነበረ ሰው ዛሬ ስድሳውን አጋምሶ ጡረታ ደጅ ላይ ቆሟል። በግንቦት 1991 በሰሎሞን ዘመቻ በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ከአዲስ አበባ ከመጡት 14,325 ሰዎች መካከል ያኔ ሠላሳ ዓመት የሞላቸውም እንዲሁ። እነዚህ ሰዎች አገር ሲገቡ ከመታወቂያና ከመኖሪያ ቀጥሎ የተሰጣቸው የኡልፓን ወንበር፣ ደብተርና እርሳስ ነበር። ትምህርቱ ለወደፊት ነው ተባለ። ያ ወደፊት አሁን ሩቅ አይደለም። ደርሷል፤ ዛሬ ነው።

ስለዚህ ጥያቄው አሁን በደንብ ሊጠየቅ ይችላል። ያኔ ክፍል ውስጥ የታሰበው ወደፊት የማን ነበር? የመንግሥት? የልጆች? ወይስ ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሰውዬ?

መጽሐፉ ውስጥ ያለው ሰው

ሕፃን ገና ያልተጻፈበት ወረቀት ነው ይባላል። አዋቂ ግን ተጽፎበታል። አርሷል፣ ወልዷል፣ ድሯል፣ አስታርቋል፣ ቀብሯል። እሱን መልሶ ክፍል ውስጥ የሚያስገባ መንግሥት «ከዛሬ ጀምሮ እንዲህ ያለ ሰው ሁን» እያለው ነው። የሚፈለገው ሰው ምን ዓይነት እንደሆነ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ የመማሪያ መጽሐፉን መግለጥ ይበቃል። በምሳሌው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ማን ይሠራል? ምን ሥራ? ማን ባንክ ይሄዳል? ማን ያዛል፣ ማንስ ይታዘዛል?

ተማሪው ደግሞ የራሱን ወደፊት ይዞ ይመጣል። ሲያዩት ትንሽ ይመስላል። በጣት አሻራ ፈንታ መፈረም፣ የመድኃኒቱ ማሸጊያ ላይ ያለውን ማንበብ፣ ከልጁ ትምህርት ቤት የመጣውን ደብዳቤ ልጁን ሳይጠይቁ መረዳት። ሁለቱ ወደፊቶች ሲገናኙ ክፍሉ ይሞላል። ሳይገናኙ ሲቀሩ ወንበሩ ባዶ ይሆናል፤ ቢሮ ያለው ሰው ደግሞ «ፍላጎት የላቸውም» ብሎ ይጽፋል።

የቤተ እስራኤል ሽማግሌዎች ይህን ነገር የሚያውቁት ከአንድ መንግሥት ብቻ አይደለም። ከሁለት ነው።

ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም.

የመጀመሪያው ደርግ ነው። ደርግ ሥልጣን በያዘ በወራት ውስጥ ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችንና መምህራንን «ዕድገት በኅብረት» ብሎ ወደ ገጠር አዘመተ። አምስት ዓመት ያህል ቆይቶ፣ ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን ሐምሌ 8 ቀን 1979) ብሔራዊው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ። መፈክሩን የዚያ ዘመን ሰው ሁሉ ያስታውሰዋል፦ የተማረ ያስተምር፣ ያልተማረ ይማር። በቀበሌ አዳራሽ፣ በዛፍ ጥላ ሥር፣ በገበሬ ማኅበር ጽሕፈት ቤት ሰሌዳ ተሰቀለ። ትምህርቱ በ5 ቋንቋዎች ተጀምሮ በኋላ 15 ደረሰ። በ1980 ዘመቻው የዩኔስኮን ዓለም አቀፍ የመሠረተ ትምህርት ሽልማት አገኘ።

ይህ ሁሉ ለምን? ፊደል ለማስለየት ብቻ አልነበረም። መንግሥቱ ያሰበው ወደፊት ነበረው። በገበሬ ማኅበር የታቀፈ፣ መመሪያ የሚያነብ፣ ስብሰባ ላይ ፈርሞ የሚወጣ፣ አብዮቱን የሚደግፍ ገበሬ። ጎልማሳው «ሀ ሁ» ሲል አብሮ ይህን ወደፊት እንዲል ተፈልጎ ነበር።

ጎንደር ላይ ግን ሌላ ወደፊት ነበር። በዚያው ዘመን መባቻ ከቤተ እስራኤል መንደሮች የመጀመሪያዎቹ ቡድኖች ሌሊት እየተነሱ ወደ ሱዳን መንገድ ጀምረዋል። በሰባዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ በአካባቢው ትምህርት ቤቶችና የጎልማሶች ክፍሎች የከፈተው ኦርት የተባለው የአይሁድ ድርጅት በ1981 ከአገር ተባረረ። ዕብራይስጥ የሚያስተምሩ ሰዎች ታሰሩ። አንድ መንግሥት በአንድ እጁ ፊደል ይሰጣል፣ በሌላ እጁ ፊደል ይነጥቃል። ለምን ቢባል፣ ሁለቱ ፊደሎች ሁለት የተለያዩ ቦታዎች ነው የሚያደርሱት። አንዱ ገበሬ ማኅበር፣ ሌላው ኢየሩሳሌም።

ከዘመቻው በኋላ የሆነውም መታወቅ አለበት። በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሰዎች ማንበብ ተማሩ፤ ግን በየመንደሩ የሚነበብ ጋዜጣም መጽሐፍም አልነበረም። ፊደል ደግሞ ካልሠሩበት ይጠፋል። ብዙዎቹ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ስማቸውን መጻፍ ብቻ ቀራቸው። ዘመቻው የምስክር ወረቀት ቆጠረ፤ ሰውዬው ነገ ምን ያነባል የሚለውን ግን አላሰበበትም።

5 ወር፣ 5 ቀን፣ 5 ሰዓት

ሁለተኛው ኡልፓን ነው። የመጀመሪያው ኡልፓን፣ ኡልፓን ዔጽዮን፣ በ1949 በኢየሩሳሌም ባቃ ሰፈር ተከፈተ። ዘዴውን ያቋቋመው ከፖላንድ የመጣው ዶክተር ሞርዴኻይ ካምራት ነው። አሠራሩ እስከ ዛሬ ይታወቃል፦ 5 ወር፣ በሳምንት 5 ቀን፣ በቀን 5 ሰዓት፣ በድምሩ 500 ሰዓት። ትምህርቱ ዕብራይስጥ በዕብራይስጥ ነው። አንድ ክፍል ውስጥ ሃንጋሪያዊ፣ ቱርካዊና አርጀንቲናዊ ጎን ለጎን ከተቀመጡ ሌላ የጋራ ቋንቋ የለምና ዘዴው ልክ ነበር።

ካምራት ፊት የተቀመጡት የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች ግን በአብዛኛው የተማሩ ሰዎች ናቸው። ሐኪሞች፣ መሐንዲሶች፣ አስተማሪዎች። ማንበብን ያውቃሉ፤ የሚያስፈልጋቸው ዕብራይስጥ ነው። ኡልፓን የተሰፋው በእነሱ ልክ ነው።

ከየመን፣ ከሞሮኮና ከኩርዲስታን ለመጡት፣ በተለይ ለሴቶቹ፣ ትምህርት ሚኒስቴር በ1964 ሌላ ዘመቻ ጀመረ። ወታደር የሆኑ ወጣት ሴቶች ወደ ሞሻቮችና ወደ ልማት ከተሞች ተልከው እናቶችን ቤት ለቤት ማስተማር ያዙ። የዘመቻው ስም «ቢዑር ሃባዓሩት» ነበር፣ መሃይምነትን ማስወገድ። «ቢዑር» ከፋሲካ በፊት ሐሜጽ ከቤት የሚወገድበት ያው ቃል ነው። ስሙን ያወጡት ሰዎች ክፋት አስበው ላይሆን ይችላል። ግን ቃሉ ይናገራል፦ እናትየው ይዛ የመጣችው ነገር ተጠርጎ መቃጠል ያለበት እርሾ ነው።

ከአሥራ ሦስት ዓመት በኋላ አመለካከቱ ትንሽ ለውጥ አሳየ። በሰባዎቹ መጨረሻ የተቋቋመው «ተሂላ» የተባለው የአዋቂዎች መሠረታዊ ትምህርት ብዙ ሴቶችን ሰበሰበ። እዚያ የሚመጡት ተገደው አልነበረም። በልጅነታቸው የተነፈጉትን ለመውሰድ ነው የመጡት። አንዲት አያት ስምንተኛ ክፍልን መጨረስ ስትፈልግ ማንም አሠሪ አልጠየቃትም፤ ለራሷ ነው።

የሰባቱ ቤቶች ሰው ዕብራይስጥ ሲያነብ

የቤተ እስራኤል አዋቂዎች ሲመጡ ኡልፓኑ ወደ 10 ወር ገደማ ተራዘመላቸው። ጊዜው እጥፍ ሆነ። ችግሩ ግን የጊዜ ብቻ አልነበረም።

አብዛኞቹ በአማርኛም በትግርኛም ማንበብ አያውቁም ነበር። ሰው ማንበብን ለመጀመሪያ ጊዜ በማያውቀው ቋንቋ ሲማር ሁለት ተራራ በአንዴ እንደመውጣት ነው፤ ድምፁም ባዕድ፣ ምልክቱም ባዕድ። ፊደል የቆጠሩትም ቢሆኑ ሌላ ጣጣ ገጠማቸው። የግዕዝ ፊደል ታማኝ ነው። «ሰ»ን «ሱ» ብሎ የሚያነብ የለም፤ አናባቢው እዚያው ፊደሉ ላይ ተለጥፏል። ዕብራይስጡ ግን ከቀኝ ወደ ግራ ይሄዳል፣ ነጥቦቹም ከመጀመሪያው መጽሐፍ በኋላ ይጠፋሉ። ሳሜኽ፣ ፔ፣ ሬሽ የሚሉ ሦስት ፊደላት ብቻቸውን ሲቆሙ «ሴፌር» መጽሐፍ ነው፤ «ሳፓር» ፀጉር አስተካካይ ነው፤ «ሳፋር» ቆጠረ ነው። የትኛው እንደሆነ የሚያውቀው ቋንቋውን ቀድሞ የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው።

በአንጻሩ ማንም ያልተጠቀመበት ሀብት ነበር። ባይት ቤት ነው፣ ሮሽ ራስ ነው፣ ሼም ስም ነው፣ ዐይን ዓይን ነው። ሁለቱ ቋንቋዎች ዘመዳሞች ናቸው። ቄሶች ደግሞ ኦሪትን በግዕዝ ያነባሉ። እነዚህን ሰዎች «ምንም የማያውቁ» ብሎ ከመጀመር «ግማሹን መንገድ የመጡ» ብሎ መጀመር ይቻል ነበር።

ሌላም ነገር አለ፤ መጽሐፍ ውስጥ የማይጻፍ። ዕብራይስጥ ውስጥ «እርስዎ» ወይም «አንቱ» የለም። ሃያ ሦስት ዓመት የሞላት አስተማሪ መንደር ያስታረቁትን ሽማግሌ «አታ» ትላቸዋለች። እሷ ማንንም አላዋረደችም፤ ቋንቋዋ ነው። እሳቸው ግን «አንተ» የተባሉት በሠፈሩ ፊት ነው። ተሳስተው ሲመልሱ ክፍሉ ከሣቀ ደግሞ በማግስቱ መቅረታቸው አይገርምም። «ወገቤን አሞኝ» ይላሉ። ወገብ አይደለም ያመማቸው።

በመርካዝ ክሊታ ውስጥ ትምህርቱ ከሰሌዳ አልፎ ወጥ ቤት ገብቶ ነበር። «ሶምኾት» የሚባሉ ሴት ሠራተኞች እናቶችን ስለ ጽዳት፣ ስለ ምግብና ስለ ልጅ አያያዝ ያስተምሩ ነበር። የጋዝ ምድጃ ማሳየት ጥሩ ነው። ሰባት ልጅ ያሳደገችን ሴት ልጅ እንዴት እንደሚያዝ ማስተማር ግን ሌላ ነው። አንትሮፖሎጂስቷ ኤስተር ሄርጾግ በ1999 በታተመው መጽሐፏ አንድን የክሊታ ማዕከል በቅርብ አጥንታ፣ እርዳታው ራሱ ጥገኝነትን እንዴት እንደሚፈጥር አሳይታለች። ማዕከሉ ተረጂ ያስፈልገዋል፤ ተረጂም ይሠራል።

የምድረ በዳ ትውልድ

ከዚህ ሁሉ በስተጀርባ ግን በየስብሰባው ትነገር የነበረች አንዲት አባባል አለች፦ «ዶር ሃሚድባር»፣ የምድረ በዳ ትውልድ። ኦሪትን ለሚያውቅ ሰው ትርጉሙ ግልጽ ነው። ከግብፅ የወጡት በምድረ በዳ ይቀራሉ፤ ምድሪቱን የሚወርሱት ልጆቻቸው ናቸው። ሐሳቡ ለቤተ እስራኤል ብቻ የተባለ አይደለም፤ በሃምሳዎቹ ለመጡትም ተብሏል። ግን ፖሊሲ ሲሆን እንዲህ ይላል፦ ወላጆቹ አልፎባቸዋል፣ ገንዘቡንና ጉልበቱን ልጆቹ ላይ እናድርግ።

ስለዚህ ለአዋቂው የታሰበለት ወደፊት አጭር ሆነ። አውቶቡስ መሳፈር፣ ከአሠሪ ጋር መግባባት፣ ፎርም ላይ መፈረም። ከኡልፓን በኋላ የሚመጣው የሙያ ኮርስም ብዙ ጊዜ ከጽዳት፣ ከእንክብካቤና ከፋብሪካ ሥራ ብዙም አልራቀም። ሰውዬው በዕብራይስጥ ሕግ አንብቦ ይከራከራል፣ የወላጆች ኮሚቴ ይመራል፣ ታሪኩን ራሱ ይጽፋል ብሎ ያሰበ ኮርስ ጥቂት ነበር።

ዋጋውን የከፈሉት ልጆቹም ጭምር ናቸው። የአሥር ዓመት ልጅ በኩፓት ሖሊም ለእናቱ ያስተረጉማል፤ የሐኪሙን ክፉ ዜና ከእናቱ በፊት ይሰማል። የወላጆች ስብሰባ ላይ መምህሩ «ይረብሻል» ሲል ልጁ «ጎበዝ ነው አሉ» ብሎ ይተረጉማል። ይህ ለጨዋታ የሚነገር ቀልድ ሆኗል፤ ቀልዱ ውስጥ ያለው ግን አባትነቱን የተቀማ አባት ነው። በቤቱ ቋንቋ የያዘው ልጅ ነው፣ ሥልጣንም ቋንቋ ይከተላል።

ታዲያ ልጆቹ ምድሪቱን ወረሱ? በከፊል። በ1996 አዲሱ መሰለ ከኢትዮጵያ ከመጡት የመጀመሪያው የክኔሴት አባል ሆነ። በሙሴ ዘመቻ በልጅነቷ የመጣችው ፕኒና ታማኖ ሻታ በ2020 ሚኒስትር ሆነች፤ ያውም የዓሊያና ክሊታ ሚኒስትር። በዚያው ትውልድ ውስጥ ደግሞ በ2015ና በ2019 የፖሊስ ጥቃትን ተቃውመው መንገድ የዘጉ ወጣቶች አሉ። ዕብራይስጣቸው ምንም እንከን አልነበረበትም። ችግሩ የቋንቋ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጎዳና ባልወጡ ነበር። «ልጆቹ ከተማሩ ሁሉም ይስተካከላል» የሚለው ሥዕል ጎዶሎ እንደነበር ያሳዩት ልጆቹ ራሳቸው ናቸው።

ትምህርት በር ሲሆን

በእስራኤል ሕግ ዓሊያ ያደረገ ሰው ዜግነት ለማግኘት ዕብራይስጥ እንዲያውቅ አይጠየቅም፤ በ1950 የወጣው የመመለስ ሕግ ይበቃዋል። በ1952 የወጣው የዜግነት ሕግ «ጥቂት የዕብራይስጥ ዕውቀት» የሚጠይቀው በሌላ መንገድ ዜጋ መሆን ከሚፈልግ ሰው ነው። በጀርመን ነገሩ ይለያል። እዚያ ከ2005 ጀምሮ ለመጤዎች የውህደት ኮርስ አለ፤ መደበኛው የቋንቋ ክፍል ብቻ 600 ሰዓት ነው፣ የመኖሪያ ፈቃድና ዜግነትም ከቋንቋ ፈተና ጋር የተያያዙ ናቸው። እዚያ ያለ ኢትዮጵያዊ ስደተኛ ክፍል ሲቀር በር ነው የሚዘጋበት።

እዚህም ግን ትምህርት በር የሚሆንባቸው ወገኖች አሉ። ብዙዎቹ በማይወዱት ስም «ፈላሽ ሙራ» የሚባሉት ሰዎች ሲገቡ የቆዩት በመመለስ ሕግ ሳይሆን በመግቢያ ሕግ ነው። በመርካዝ ክሊታ ከኡልፓኑ ጎን የጊዩር ትምህርት ይከታተላሉ፤ ሰንበትን፣ በረከቱን፣ በዓላቱን ይማራሉ፣ ከዚያም ቤት ዲን ፊት ይቀርባሉ። ሙሉ መብታቸው የተንጠለጠለው በዚህ ክፍል ላይ ነው። አያታቸው ሰንበትን እንዴት ያከብሩ እንደነበር የሚያስታውስ ሰው ሰንበትን እንደ አዲስ ተፈትኖ ያልፋል።

ከዚህም ወዲያ ጎንደርና አዲስ አበባ ውስጥ የሚጠብቁት አሉ። በጎንደር ሃቲክቫ ምኩራብ ጸሎቱ በዕብራይስጥ ነው። ሰዎች ዓመታት ጠብቀዋል፣ አንዳንዱም ከአሥር በላይ። ገና ያልተፈቀደላቸውን አገር ቋንቋ ይማራሉ። የአዋቂዎች ትምህርትና ወደፊት ምን ያህል እንደተሳሰሩ ለማየት ከዚህ የበለጠ ቦታ የለም። ተማሪው ወደፊቱን ወስኗል፤ መንግሥት ግን ገና አልወሰነም። ሽማግሌው «ባይት» የሚለውን ቃል ተምሮ ቤቱን ሳያይ ሊያልፍ ይችላል።

አዲሱ ሰሌዳ ስልኩ ነው

ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። ያኔ ኡልፓን የተቀመጡት ዛሬ ጡረተኞች ሆነዋል ወይም ሊሆኑ ነው። በአርባ ዓመት ውስጥ ዕብራይስጣቸው ለገበያና ለሥራ ቦታ በቅቷል፤ መናገሩን ያውቁበታል። መጻፉና ማንበቡ ግን ብዙዎች ጋ እዚያው ቆሟል። ፊት ለፊት የሚያናግሩት ጸሐፊ እያለ ያም ያስኬድ ነበር።

አሁን ጸሐፊው እየጠፋ ነው። የባንክ ቅርንጫፎች ይዘጋሉ። የኩፓት ሖሊም ቀጠሮ በስልክ መተግበሪያ ይያዛል። የቢቱዋሕ ሌኡሚ ፎርም ኢንተርኔት ላይ ነው፣ ለመግባትም በመልእክት የሚመጣ ቁጥር በፍጥነት ማንበብና መጻፍ ያስፈልጋል። አፍ ያለው ሰው ድሮ ጠይቆ ይደርስ ነበር። ስክሪን ግን አይጠየቅም፤ ይነበባል እንጂ። እናም ልጅ ይጠራል፣ አሁን ደግሞ የልጅ ልጅ።

ለዚህ የሚከፈት ክፍል ከቀደሙት ሁለቱ መንግሥታት ሊማር የሚችለው ነገር አለ። የደርግ ዘመቻ በብዙ ነገር ይወቀሳል፣ በግፉም ይወቀሳል። ግን ሰው ማንበብን በሚናገረው ቋንቋ ይጀምር የሚለው ሐሳቡ ትክክል ነበር። እዚህ ለመንጃ ፈቃድ የሚሰጠው የቴኦሪያ ፈተና በአማርኛም ይገኛል። መኪና ለመንዳት የተፈቀደ ቋንቋ መድኃኒት ለማንበብ ለምን ይከለከላል? ከኡልፓን ደግሞ የሚወሰደው ጽናቱ ነው። 500 ሰዓት ቀልድ አይደለም። የሦስት ሳምንት የስልክ ኮርስ ለስሙ ካልሆነ በቀር ሰው አይለውጥም። ከሁለቱም የሚጣለው ስለ ተማሪው ሳይጠይቁት መወሰን ነው።

ክፍሉ በአንድ ጥያቄ ቢጀመር ብዙ ይቀየራል፦ እርስዎ ምን ማንበብ ይፈልጋሉ? አንዷ የሐኪም ወረቀት ትላለች። ሌላው የመቃብር ድንጋይ ላይ ያለውን የወንድሙን ስም ይላል። ሌላዋ የልጅ ልጇ የምትልክላትን መልእክት ትላለች። በሥራ ዘመናቸው ደመወዝ ሲጎድል ወረቀቱን ማንበብ ሳይችሉ የቀሩ ደግሞ አሁንም ቢሆን ያንን ወረቀት ሊያነቡት ይፈልጉ ይሆናል።

«ሳይማር ያስተማረን» የሚለው አባባል የማኅበረሰቡ ተመራቂዎች ንግግር ላይ አይጠፋም፣ ጭብጨባም አይለየውም። ውዳሴ ነው፤ ግን ውስጡ ተስፋ መቁረጥ አለ። ሳይማር መቅረቱን እንደ ዕጣ ይቀበላል። ስድሳ አምስት ዓመት የሞላው ሰው በእስራኤል ገና ሃያ ዓመት ሊኖር ይችላል። ሃያ ዓመት ወደፊት ነው፣ ያውም የራሱ ወደፊት። የምድረ በዳው ትውልድ በምድረ በዳ አልቀረም፤ ኔታንያ፣ ረሖቮት፣ አሽዶድና ክርያት ማልአኪ ውስጥ አለ፣ በር ላይ የመጣለትን ደብዳቤ ይዞ የሚያነብለት ሰው ይጠብቃል።